የረገጥሁት ሁሉ የት ሄደ?

እንደምን ዋላችሁ። እሺ፣ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፣ ቃል ገብቻለሁ፣ አውቃለሁ። እሱ ይቆየን። እታለም፣ የስናን ገጠሯ አዛውንት፣ አንድ ነገር ጠይቀው ወደ አገራቸው ሄዱ፣ ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ። ስተኛም ስነሳም እሱው ነው። ዶሮው ዛሬም መስኮቱ ስር ነው፣ ከጮኸ ታውቁታላችሁ፣ መቅዳቴን አላቋርጥም።

ነገሩ የመብራት ነገር ነው። ሰው ሲራመድ ከእግሩ ስር ስለሚወጣ ኤሌክትሪክ። ጭስ የለው፣ ነዳጅ የለው፣ ትረግጣላችሁ ይበራል። ድሮ በስልክ ቪዲዮ ሳየው "ወይ ጉድ" ብዬ ያለፍሁት ነገር ነው። አሁን ማለፍ አቃተኝ።

ሬዲዮ የሚጠግነውን ልጅ ታስታውሱታላችሁ፣ የማይክራፎኔን ገመድ የበየደልኝ። እሱ ነው የሰራው። እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ትምህርት ቤታቸው የተማሪዎችን የሳይንስ ሥራ ለወላጅ ሲያሳይ ጠራኝ። እታለም በዚያው ቀን ከስናን ድንች ይዘው ወርደው ነበር። ብቻቸውን ቤት ከሚቀመጡ ብዬ ይዣቸው ሄድሁ።

ልጁ "መርገጫ" ነው የሚለው። ሁለት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ነው። አራቱ ማዕዘን ላይ ስፖንጅ አለ፣ ሲረገጥ ዝቅ፣ ሲለቀቅ ከፍ እንዲል። መሃሉ ላይ ቢጫ ክብ ነገሮች ተደርድረዋል፣ የሳንቲም ስፋት ያላቸው፣ መሃላቸው ነጭ። ከተበላሸ የማንቂያ ሰዓት፣ ከልጆች መጫወቻ፣ ሲከፈት ከሚዘፍን የልደት ካርድ ውስጥ እየፈታ ነው የሰበሰባቸው። መቼም የዚህ ልጅ ትዕግስት። እነዚህ ነገሮች ሥራቸው ድምፅ ማውጣት ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጧቸው ይንቀጠቀጡና ይጮኻሉ። እሱ ገለበጠው፤ ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ሲረገጥ በአንድ በኩል፣ ሲለቀቅ በሌላ በኩል ስለሚፈስ፣ በአራት ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ በኩል ብቻ በሚያሳልፉ ቁራጮች፣ አንድ አቅጣጫ አስያዘው። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ማጠራቀሚያ ካፓሲተር፣ ከዚያ አንዲት ቀይ የኤልኢዲ መብራት። በቃ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ፓሪስ ውስጥ ፒየርና ዣክ ኩሪ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው የደረሱበት። አዎ፣ ፒየር ያ የሳይንቲስቷ የማሪ ኩሪ ባል ነው፣ ያኔ ገና አልተገናኙም፣ ልጅ ነበር፣ 21 ዓመቱ። ኳርትዝን የመሳሰሉ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ገጻቸው ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚወጣ አዩ። ፒዞኤሌክትሪክ ይሉታል። ምድጃ የምንለኩስበት፣ ሲጫኑት "ቀጭ" የሚለው ላይተር አለ አይደል፣ ብዙዎቹ ባትሪ የላቸውም። ያ ብልጭታ የአውራ ጣታችን ጉልበት ነው። እኔ ይሄን ስሰማ ላይተሩን ይዤ ስንት ጊዜ ቀጭ ቀጭ እንዳደረግሁት አትጠይቁኝ።

እና እታለም ተራቸው ደረሰ።

ይሄን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። መርገጫው ፊት ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጎንበስ ብለው ኮንጎ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ልጁ "ኧረ እማማ፣ በጫማዎ ይርገጡት" አላቸው። "ሰው የደከመበትን በጫማ አልረግጥም" አሉት። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንደሚያደርጉት ጫማቸውን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ስለ ግራ እግራቸው ታውቃላችሁ። ለማታውቁት፣ ዝሆኔ ነው፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ያበጠ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉ ወላጆች አዩት። አንዳንዱ ዓይኑን መለሰ። እሳቸው ደግሞ ያንኑ እግር አስቀደሙ። ቀኙን አይደለም። ግራውን። እስካሁን የምመላለስበት ይሄ ነው። አውቀው ነው? ወይስ እንዲያው የቀረበው እሱ ስለሆነ ነው?

በራች።

እሳቸው ወደ ኋላ ሸሹ። ጠፋች። እንደገና ረገጡ። በራች። ከዚያ እየተፈራረቁ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ልክ ጭቃ እንደሚረግጥ ሰው ሳይሆን በጣም በጥንቃቄ፣ መብራቷን እያዩ። ሰልፉ ላይ ያሉት ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ከዚያ ቀና አሉና ልጁን፣ "የኔ ጌታ፣ ይሄ ከእኔ ነው የወጣው?" አሉት።

"አዎ እማማ፣ ከእርስዎ ነው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ የረገጥሁት ሁሉ የት ሄደ?"

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ መምህሩን አየሁ። መምህሩ መርገጫውን ያያል። መጨረሻ ላይ ልጁ፣ ቀስ ብሎ፣ "መሬቱ ወሰደው እማማ" አላቸው። ትክክል ነው ደግሞ! የፊዚክስ መልስ እሱው ነው። ተረከዛችን መሬት ሲመታ ያለው ጉልበት ወደ አፈሩ፣ ወደ ጫማው፣ ወደ ገዛ ጡንቻችን ይገባል፣ ሙቀት ይሆናል፣ ጥቂቱም ድምፅ ይሆናል፣ ያልቃል።

እታለም ሳቁ። እየሳቁ ነው ያሉት። "መሬትማ እግሬንም ወስዷል" አሉ። ጫማቸውን አጠለቁና "በይ አንች ልጅ፣ እንሂድ፣ ሲመሽ መኪና አይገኝም" አሉኝ።

[ዝምታ]

እሺ።

እሳቸው የዋዛ ነገር አልተናገሩም፣ በቁሙ እውነት ነው። ይሄ የእኛ ደጋ ቀይ አፈር፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው፣ ውስጡ ያሉት ደቃቅ ብናኞች በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጡ በቆዳ ይገባሉ፣ እግር ያሳብጣሉ። ትንኝ አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ በዘር የመጣ ኃጢአት አይደለም። ኤርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲያጠና አፈሩ መሆኑን ያሳየው። መከላከያው ጫማ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ። ከያዘ በኋላም እግርን በሳሙና እየታጠቡ፣ ቅባት እየቀቡ፣ እየጠቀለሉ መቆየት ይረዳል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ እኛ ቤት ራሱ ስንት ዓመት ጸበል ብቻ ነበር... እሱን ሌላ ቀን።

ወደ ኤሌክትሪኩ ልመለስ። ማታ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው መርገጫውን በ5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢያደርገው፣ ምንም ሳይባክን 3 ጁል አካባቢ ነው የሚገኘው፣ ጁል የጉልበት መለኪያ ነው። 3 ጁል ባለ 5 ዋት አምፖልን ለግማሽ ሰከንድ ትንሽ አለፍ ላለ ጊዜ ያበራል። የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥረው አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማግኘት 1.2 ሚሊዮን እርምጃ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት አካባቢ ይጎትታል፤ ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሰራ 4.2 ሚሊዮን እርምጃ ይፈልጋል። ለአንድ ጋገራ! ስንት ከተማ ተሰልፎ ይረግጣል?

ጢስ ዓባይን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተው የመጀመሪያው ማመንጫ፣ ትንሹ፣ 11.4 ሜጋዋት ነው። ያንን በእግር እናምጣ ብንል፣ ሰው ፈጠን ብሎ በሰከንድ ሁለቴ ቢረግጥ፣ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሌት ተቀን ሳያርፍ መራመድ አለበት። የሕዳሴው ግድብ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት ነው። እሱን አላሰላሁትም። የእታለም የግድቡ ቦንድ ወረቀት አሁንም ሳጥናቸው ውስጥ ከልጆቻቸው ፎቶ ጋር ነው ያለው።

እና ግን በዓለም ተሞክሯል። ቶኪዮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሰው ትኬት ቆርጦ በሚያልፍበት በር ስር ዘርግተውት ነበር። ኔዘርላንድ፣ ሮተርዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ሰው ሲጨፍርበት መብራት የሚሰጥ ወለል ያለው የጭፈራ ቤት ተከፍቷል። የእኛ እስክስታ ትከሻ ላይ ስለሆነ እዚያ ወለል ላይ ብዙም አያዋጣም ነበር፣ የእግር ጨፋሪ ነው የሚፈልገው። ፔቭጀን የሚባለው የለንደኑ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሎምፒክ ጊዜ ዌስት ሃም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ዘረጋ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ብራዚል፣ ሪዮ ውስጥ፣ ሞሮ ዳ ሚኔይራ በሚባል የድሆች ሰፈር፣ ከነዳጅ ኩባንያው ከሼል ጋር ሆኖ ኳስ ሜዳ ሰራ። ከሰው ሰራሽ ሳሩ ስር 200 ንጣፍ። ፔሌ ራሱ ተገኝቶ መረቀው። ልጆቹ በሮጡ ቁጥር የሜዳው መብራት... ይሄን ሳነብ እንባዬ መጥቷል፣ ስለ እውነት። ከዚያ ወረድ ስል፣ ከሜዳው ዙሪያ የፀሐይ ፓነልም ነበር። መብራቱን ሁለቱ ተጋግዘው ነው ያበሩት። ሰው ግን የሚያወራው ስለ ልጆቹ እግር ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ፀሐይ ማንንም አያስለቅስም።

እና ልጁ ደግሞ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? "ፈረስ ቢረግጠውስ?" እንጅባራን አስቡት እስቲ፣ ጥር 23፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል። ያ ሁሉ ፈረስ፣ ያ ሁሉ ጌጥ፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ደረታችሁ ላይ ነው የሚሰማችሁ። 300 ኪሎ ፈረስ ቆሞ ቢረግጠው እንኳ የሰው አምስት እጥፍ ነው፣ ሲጋልብማ ከዚያም ይበልጣል። ምን ዓይነት ንጣፍ ነው ያንን የሚችለው? ብረት መሆን አለበት። ብረት ላይ ደግሞ ፈረስ ያዳልጠዋል፣ ፈረሰኛ ይወድቃል። ከልጁ ጋር ይሄን ስናወራ መሽቶ ነበር። አፈር መልበስ አለበት አለ፣ ከላዩ አፈር፣ ከስሩ ንጣፍ። አፈሩ ደግሞ ጉልበቱን ይውጠዋል። ዞሮ ዞሮ መሬቱ ይወስደዋል።

የት ነበርሁ።

ሌላም ያስጨነቀኝ ነገር አለ። ይሄ ኤሌክትሪክ ነጻ ነው ይባላል። ነጻ አይደለም። ንጣፉ ዝቅ ሲል ያንን ዝቅታ የሚወጣው ሰውየው ነው። ጉልበቱ ከበላው ነው የሚመጣው፣ ሰውነታችን ደግሞ ከምግብ ከሚያገኘው ጉልበት ሩብ ያህሉን ብቻ ነው ወደ ሥራ የሚለውጠው። ለአንድ ሰው 3 ጁል ምንም አይደለም፣ አይታወቀውም። ግን ማን ነው ብዙ የሚራመደው? ባጃጅ የሚሳፈረው አይደለም። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች አዝሎ የሚወርደው ነው። የባህር ዛፍ እንጨት ተሸክመው ከጫካ የሚመለሱት ሴቶች ናቸው። ብዙ የሚረግጠው ቤቱ ኩራዝ ያለበት ሰው ነው። ንጣፉ የሚዘረጋው ደግሞ ከተማ ነው፣ የባቡር ጣቢያ፣ የገበያ ማዕከል። ገጠር ቢዘረጋ ደግሞ ሰው ተራርቆ ነው የሚሄደው፣ ምንም አይወጣውም። ስለዚህ ለእታለም ቤት የሚሆነው ፀሐይ ነው። ትንሽ ፓነል፣ ጣሪያ ላይ። ፀሐይ ከእሳቸው ጉልበት አትጠይቅም። እዚህ ላይ አልጠራጠርም።

ግን... ፓነል ብገዛላቸው "ይሄ ከእኔ ነው የወጣው?" አይሉኝም። ያን ቀን ፊታቸው ላይ ያየሁትን እኔ የትም አላየሁትም። ስልሳ ምናምን ዓመት የተሸከማቸው፣ ሰው ዓይኑን የሚመልስበት እግር መብራት አበራ። ይሄ በዋት አይለካም እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ መብራት ከሌላቸው ይሄ ስሜት ምን ይሰራላቸዋል እላለሁ። ሁለቱም ልክ ይመስለኛል። አላውቅም።

ልጁ ቅዳሜ ይመጣል። መርገጫውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሊቀብረው ነው፣ ጠዋት ደወል ሲደወል ተማሪው ተጋፍቶ የሚገባበት ቦታ ላይ። እዚያ ቦታ ላይ ልክ ነው፣ እግር የሚበዛበት ጠባብ በር። ብዙ መብራት አይጠብቅም፣ ስንት ልጅ እንደገባ የምትቆጥር ትንሽ መሣሪያ ብታንቀሳቅስ ይበቃኛል ነው የሚለው። ይሄ ይሆናል፣ እንደዚህ ዓይነት ትንሽ ሥራ ላይ ይሄ ነገር ያዋጣል። እነዚያን ቢጫ ክቦች ግን አጥቷል፣ ከተማው ውስጥ ያለውን የተሰበረ መጫወቻ ሁሉ ፈትቷል። ማርቆስ ያላችሁ፣ ሉማሜም አማኑኤልም ያላችሁ፣ የተበላሸ የማንቂያ ሰዓት እንዳትጥሉ። መልእክት ላኩልኝ፣ እመጣለሁ።

ፀሐይ ላይ ያለኝን ሐሳብ ልንገረው ወይስ... መንገሩስ ይነገረዋል፣ እሱ የሚሰማ ልጅ ነው። እታለም ግን በስልክ ምን አሉኝ መሰላችሁ፣ "ያ ልጅ ትልቁን ሰራው?" አሉኝ። ትልቁን። እኔ ትልቅ ይሰራል አላልሁም፣ እሱም አላለም። ከየት አመጡት? ገበያ ሲወርዱ በሚያልፉበት ድልድይ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው አሉኝ፣ ድልድዩ ላይ ሁሉም ሰው ያልፋልና... ቆይ፣ ድልድዩማ እውነትም ጠባብ ነው። ገበያ ቀን ደግሞ ስንት ሰው... እሱን ማሰብ አለብኝ፣ ልጁንም ልጠይቀው፣ ጭነት አህያም አለ እኮ፣ አህያውን አላሰላሁትም...