የዲዋሊ ማታ በሩ የሚከፈተው ለማን ነው?

[ምስል፦ ጨለማ ግቢ። አንድ እጅ ክብሪት ይጭራል።]

ሰማዩ ላይ ጨረቃ የለችም። ሰፈሩ ግን ቦግ ብሏል። በየደጁ፣ በየመስኮቱ፣ በየደረጃው ትንንሽ የሸክላ መብራት ተደርድሯል። ዛሬ ዲዋሊ ነው፤ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል።

ስሙ የመጣው ዲፓቫሊ ከሚለው የሳንስክሪት፣ የጥንታዊ የህንድ ቋንቋ፣ ቃል ነው። ዲፓ መብራት፣ አቫሊ ረድፍ። የመብራት ረድፍ እንደማለት። የሚውለው ካርቲክ በሚሉት ወር፣ ጨረቃ ጭራሽ በማትታይበት ሌሊት ነው።

ቀኑ ለምን ይቀያየራል? 12 የጨረቃ ወራት ቢደመሩ 354 ቀን ገደማ ነው የሚሞሉት። ስለዚህ በዓሉ ከዓመት ዓመት 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። በሦስት ዓመት አንዴ ገደማ ደግሞ አንድ ወር ይጨምሩና መልሰው ይገፉታል። በእኛ አቆጣጠር የ2018ቱ ጥቅምት 10 ላይ ነበር፤ የ2019ኙ ጥቅምት 29 ላይ ነው።

[ምስል፦ የህንድ ካርታ።]

«ለምን ታከብራላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ እንደየአገሩ ነው። የሰሜን ህንድ ሰው የልዑል ራማን ታሪክ ያወራችኋል። ራማ 14 ዓመት በስደት ቆይቶ፣ የአጋንንት ንጉሥ ራቫናን ድል አድርጎ ወደ ከተማው አዮድያ ሲመለስ ሕዝቡ መብራት አብርቶ ተቀበለው። ደቡብ ብትወርዱ አምላክ ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ጋኔን የገደለበት ቀን ነው ይሏችኋል፤ እዚያ ጎህ ሳይቀድ ዘይት ተቀብቶ መታጠብ አለ። በምሥራቅ፣ ቤንጋል ውስጥ ካሊ የምትባለው አምላክ ሌሊት ነው። የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ደግሞ መሪያቸው ጉሩ ሃርጎቢንድ ከግዋሊዮር ምሽግ እስር የተፈታበትን ያስባሉ። ማን ልክ ነው ብላችሁ ክርክር ውስጥ አትግቡ። እነሱም አልገቡም።

እኔን የሚገርመኝ ከታሪኩ ይልቅ የቤቱ ሽር ጉድ ነው። በዚህ ሌሊት የሀብትና የበረከት አምላክ የምትባለው ላክሽሚ ከቤት ቤት ትዞራለች ብለው ያምናሉ። የምትገባው የጸዳና መብራት ያለበት ቤት ነው። ስለዚህ ከሳምንታት በፊት ቁም ሳጥን ይገለበጣል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ የተሰበረ ዕቃ ይጣላል። ማታ ላይ ብዙ ቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ይተዋል። እንግዳ ይመጣላ!

[ምስል፦ ደጃፍ፤ ነጭ ትንንሽ የእግር ዱካ።]

ይቺን ዱካ ልብ በሉ። በሩዝ ዱቄት የተሣለች ናት። ጣቶቿ ወዴት ነው የዞሩት? ወደ ውስጥ። ላክሽሚ ገብታለች ማለት ነው። ዱካዋ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ጌጥ ራንጎሊ ይባላል።

አሁን መብራቱን እንሥራ። ስሙ ዲያ ነው፤ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ የሸክላ ጎድጓዳ። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ትነከራለች። ካልተነከረች ሸክላው ዘይቱን ራሱ ይጠጣዋል። ከዚያ ጥጥ በመዳፍ ፈተል ፈተል ይደረግና ጫፉ ወደ ጠርዙ ወጣ ብሎ ይቀመጣል። ዘይቱ ብዙ ጊዜ የሰናፍጭ ነው። አቅም ያለው ንጥር ቅቤ ያደርጋል፤ የሱን ሽታ እናንተ ታውቁታላችሁ። አዮድያ ከተማ ውስጥ በ2024 እ.ኤ.አ. የበራው ዲያ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ጉጃራት ውስጥ ነጋዴው በዚህ ሰሞን የሂሳብ መዝገቡን ያስባርካል። በማግስቱ አዲስ ዓመታቸው ነው።

ከጸሎቱ በኋላ ቤቱ ይሞላል። ጎረቤት ለጎረቤት ጣፋጭ በሣህን ይላላካል። ላዱ፣ ባርፊ፣ ጃሌቢ። ሙሸበክ የምትወዱ ጃሌቢን ስታዩ ዘመዳችሁን ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ትልልቆቹ ካርታ ይዘው እስከ ሌሊት ይቆማመራሉ፤ በዚህች ሌሊት ማንም አይቆጣቸውም። ርችቱም አለ። እሱን እኔ ብዙም አልወድለትም። ዴልሂ ውስጥ ገበሬው ከሚያቃጥለው ገለባ ጭስ ጋር ተደምሮ በማግስቱ አየሩ ጉሮሮ ይከረክራል።

ዱባይ ወይም ለንደን ያላችሁ ህንዳዊ የሥራ ባልደረባ «ቤት ና» ካላችሁ ሂዱ። ጫማ ደጅ ይወልቃል። ጣፋጭ ወይም ለውዝ ያዙ። ብዙ ቤት ሥጋም እንቁላልም ስለማይበላ ኬክ ከገዛችሁ እንቁላል የሌለበት ይሁን። መጠጥ ሳትጠይቁ አትያዙ። ስትገቡ «ሹብ ዲዋሊ» በሉ፤ መልካም ዲዋሊ ማለት ነው።

[ምስል፦ ወንድምና እህት፣ መሬት ላይ ተቀምጠው።]

በዓሉ ብዙ ቦታ አምስት ቀን ነው። የመጨረሻው ቀን ባይ ዱጅ ይባላል፤ የወንድምና የእህት ቀን። አግብታ ሌላ ሰፈር የሄደች እህት ደጇን ጠርጋ ትጠብቃለች። አሁን የሚጠበቀው እንግዳ ወንድሟ ነው። ሲመጣ ግንባሩ ላይ ቀይ ምልክት ትቀባዋለች። ከዚያ ጣፋጩን ቆርሳ በእጇ አፉ ውስጥ ታደርግለታለች። አዎ፣ ጉርሻ ነው። እሱም ኪሱ ይገባል፤ ስጦታዋን ሳይሰጥ አይነሳም።