ለነገ ቃል መግባት ሲከብድ

የተከበራችሁ የዚህ ጉባኤ ታዳሚዎች፣

ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ፍልስፍናና ስለ ኢኮኖሚ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ ጥያቄ ይዤ ለመቅረብ ወሰንሁ፤ እርሱም ሰው ለነገ ቃል መግባት ሲቸግረው አብሮ መኖራችን ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ከዚህ ከፒያሳ ወደ መርካቶ ወርዶ ለብረት ወይም ለኤሌክትሪክ ዕቃ ፕሮፎርማ የሚያወጣ ሰው ከዋጋው እኩል የሚያየው ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ክፍተት ሊቀጥል ስለማይችል፣ የእርምጃውን አስፈላጊነት ከሚክዱት ወገን አይደለሁም። የሚያሳስበኝ ሸክሙ ማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ነው።

ዕቁብን እንመልከት። አባላቱ እኩል ይጥላሉ፣ ዕጣ ይወጣል፣ ለሁሉም እኩል ብር ይደርሳል። ኑሮ በሚወደድበት ዓመት ግን፣ ቀድሞ የደረሰው ነጋዴ ሱቁን በዕቃ ሞልቶ ቀሪውን መዋጮ አቅሙ በተዳከመ ብር ሲከፍል፣ በመጨረሻ የሚደርሳት እናት፣ አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል ተቆጥሮላት ሳለ፣ ያሰበችውን የስፌት መኪና መግዛት ያቅታታል። ዳኛው አላዳላም፣ ጸሐፊው አላጭበረበረም፣ ከአባላቱም ቃሉን ያጠፈ የለም፤ ሴትዮዋ ግን ተጎድታለች። ማንም ሳይበድል የተበደለ ሰው ሲኖር ተጠያቂው ማን ነው? በእኔ እምነት፣ የብሩን ዋጋ የመጠበቅ አደራ የተቀበለው አካል፣ ማለትም መንግሥት፣ ቢያንስ የሚመጣውን አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በድሬዳዋ ጉምሩክ በኃላፊነት የሠራው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣ የንጉሡ የግል ገንዘብ ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲለይና ባላገሩ የሚከፍለው ግብር ተለክቶ እንዲታወቅ አጥብቆ ይከራከር ነበር። ገና ወጣት ሳለ በ1911 ዓ.ም. ማረፉ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል። ክርክሩ ስለ ግብር ብቻ አልነበረም፤ ነገ ምን እንደሚወሰድበት የማያውቅ ገበሬ ጠንክሮ የሚያርስበት ምክንያት እንደማይኖረው ስለተገነዘበ ነው። ዛሬም ፋብሪካ ሊተክል ያሰበ ሰው ገንዘቡን ቤትና መሬት ላይ ሲያሳርፍ፣ ስግብግብ ከማለታችን በፊት ይህን ፍርሃቱን ልንመረምር ይገባል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። መንግሥት በዚህ አዋጅ አከራዩን ለተከራዩ ቃል እንዲገባ አስገድዶታል፤ መልካም አድርጓል። እኔ የምጠይቀው ራሱንም በዚያው ልክ እንዲያስር ነው። የነዳጅን ዋጋ የዓለም ገበያ ስለሚወስነው ለርሱ ቃል ግቡ ማለት አይቻልም። የግብር መጠን፣ የሊዝና የፈቃድ ክፍያ ግን በእጁ ነው፤ ስለዚህ እነዚህን የሚመለከት ማናቸውም ለውጥ በሥራ ላይ ከመዋሉ ቢያንስ አንድ የበጀት ዓመት ቀድሞ እንዲታወጅ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሕግ እንዲደነግግ እጠይቃለሁ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የሕግና የኢኮኖሚ ባለሙያዎችም ረቂቁን በማዘጋጀት እንድታግዙ በአክብሮት እለምናለሁ።

አመሰግናለሁ።