ያዙኝ ልቀቁኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ጠብ ላወራችሁ ነው፣ ስለ ወንዶች ጠብ።

በልጅነቴ ሰፈር ጠብ የሚጀምረው ከተጣሉት ልጆች አልነበረም። አንድ ከፍ ያለ ልጅ ጎንበስ ይልና ሁለት የአፈር ቁልል ይሠራል። «ይቺ የአንተ እናት ጡት፣ ይቺ የእሱ እናት ጡት» ይላል። የሌላውን ካልረገጥህ ፈሪ ነህ። የአንተው ተረግጦ ዝም ካልህ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር ነህ። በአንዲት ብይ ተከራክረን ልንረሳው የነበረ ጉዳይ በእናቶቻችን ስም አፍንጫ ያደማል። ቁልሉን የሠራው ልጅ ግን አንድም ቀን ተመትቶ አያውቅም። ይህን ያስተዋልሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ እኔ ሁሉም ነገር ይዘገይብኛል።

ቋንቋችን ግን ቀድሞ አውቆታል። «ያዙኝ ልቀቁኝ» እንላለን። እስቲ ቀስ ብላችሁ ስሙት፤ «ያዙኝ» ነው የሚቀድመው። ሰውዬው ኮቱን እየወረወረ የሚለምነው ገላጋይ ነው። ገላጋይ ሲዘገይ ድምፁ ይጨምራል እንጂ እጁ አይሰነዘርም።

ቴኳንዶ የጀመርሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ስለ ጤና ወይም ስለ ሥነ ምግባር ብዬ አልነበረም፤ የምመታው አንድ ልጅ ነበረኝ። የልምምዱ ቦታ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ አዳራሽ ነበር። ለሦስት ወር ያህል የሠራነው አቋቋም፣ እግር ማሳሳብና እጅ መንሣት ብቻ ነው። ከአረንጓዴ በፊት የሚታሰረውን ቢጫ ቀበቶ እንኳ ሳላስር የዚያ ልጅ ቤተሰብ ሰፈር ቀየረ።

የመጀመሪያ ግጥሚያዬ ከእኔ ከሚያንስ ቀጭን ልጅ ጋር ነበር። ሆዴ ላይ አንድ እግር ሲያሳርፍብኝ ዙሪያዬን ቃኘሁ። የሚያጨበጭብ የለም። የሚይዘኝ የለም። እናቴን ያነሣ የለም። ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ ልጁ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። ንዴቴ ሥራ ፈትቶ ቆመ። በውድድር ሕግ ግጥሚያ ቢበዛ ሦስት ዙር ነው፣ እያንዳንዱም ሁለት ደቂቃ፤ የሰፈር ጠብ ግን እንዲህ ያለ ማለቂያ የለውም፣ ለታናሽ ወንድም ሁሉ ይተላለፋል።

የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖም በትምህርት ቤት የሚደበደብ ደቃቃ ልጅ ነበር። ጁጂትሱ የሚባለውን የጃፓን የትግል ጥበብ የተማረው ለዚያ ነው፤ በዚህ እንመሳሰላለን። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ በ12 ምንጣፎች ላይ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ጁዶ ማለት «ገር መንገድ» ማለት ነው። ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረውም አወዳደቅ ነው። ወንድ ልጅን በመውደቅ ማስጀመር! እኛ ሰፈር ቢሆን ማን ልጁን ይልክ ነበር?

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ጎረቤታችን በጠላ ቤት የታወቀ ያዙኝ ልቀቁኝ ባይ ነበር። ወንድ ሲመታ ያየው የለም፤ ሁልጊዜ የሚይዘው አያጣም ነበርና። ቤቱ ሲገባ ግን የሚይዘው የለም። የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለነበር ሁሉንም እንሰማለን። አባቴ «የባልና የሚስት ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ ግድግዳው ይዞራል። እኔስ? አሰልጣኛችን ከአዳራሹ ውጭ የተማታ ቀበቶውን ይፈታል ብሎን ነበር። ያችን ቃል እንደ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ። ደንቡን አክባሪ ሆኜ አልነበረም፤ ፈርቼ ነበር።

የተነሣችው እናቴ ናት። ነጠላዋን ጣል አደረገች፣ ባዶ ብርጭቆ አነሣች፣ ወጣች። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነበር። የጎረቤቱን በር አንኳኳችና «ቤቶች! ጨው አልቆብኝ ነው» አለች።

ዝም አለ። በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ጨው እየሰፈረች፣ እናቴ ደጃፉ ላይ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለማላውቀው ሰው ልቅሶ ስታወራ ሰማሁ። ጎረቤታችን «ደኅና እደሪ» ብሎ እስኪያሰናብታት ድረስ አልሄደችም።

እኛ ቤት ጨው አላለቀም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ክብሪት ፈለገች፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ራስ ሽንኩርት።

እኔ ያኔ አረንጓዴ ቀበቶ አስሬ ነበር።