የ8 ሰዓቷ ራይት
(ለአዲስ ረዳት ነርሶች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር)

ተመራቂዎች፣ የተመራቂ ቤተሰቦች፣ አሠልጣኞች፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ኃላፊዎችም፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «በረጅም ጊዜ እንክብካቤ የረዳት ነርስ ሥራ መሠረታዊ ነገሮች» ይላል። የተሰጠኝ ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። መሠረታዊ ነገሮቹን ግን ተምራችኋል፣ ተፈትናችሁም አልፋችኋል። የደከመውን ክንድ መጀመሪያ ማልበስ፣ ሲያወልቁ ጤነኛውን ማስቀደም፣ የሽንት ከረጢቱን ከፊኛ በታች ማንጠልጠል፣ ዊልቸሩን ሳይቆልፉ ማንንም አለማስነሳት፤ ይህን ልድገምላችሁ ብል ግማሾቻችሁ ታንቀላፋላችሁ። የሌሊት ፈረቃ አድራችሁ የመጣችሁትማ ጀምራችኋል፤ አያችኋለሁ፤ አልፈርድባችሁም።

እኔ የመጣሁት ስለ አንዲት ራይት ልነግራችሁ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሰባተኛው ወር ነው። የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። በእንክብካቤ ማዕከሉ ለሚኖሩ 22 ነዋሪዎች ሁለት ረዳቶች እንመደብ ነበር፤ የዚያን ዕለት ጓደኛዬ ታማ ቀረች፣ ምትክ አልተላከም። ከነዋሪዎቹ አንዷ የሒሳብ መምህርት የነበሩ እናት ነበሩ። ሁላችንም እማማ እንላቸው ነበር። ስትሮክ ንግግራቸውንና ግራ ጎናቸውን ወስዶባቸዋል። በቀኝ እጃቸው ግን የአልጋውን ብረት ያንኳኳሉ። አንድ ጊዜ ካንኳኩ ውኃ ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «አገላብጡኝ» ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ ኮዱን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው፣ እኛ ቀስ ብለን ገባን። መምህር ሁልጊዜ መምህር ነው።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኩ። ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። «መጣሁ እማማ» አልኩ። በዚያው ቅጽበት ከጥግ ካለው ክፍል የመውደቅ ድምፅ መጣ፤ አንድ አባት ሽንት ቤት ሊሄዱ ተነሥተው ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። የወደቀ ሰው ነርስ ሳያየው አይነሣም። ነርሷን ጠራሁ፣ አጠገባቸው ተንበርክኬ ቆየሁ፣ ከዚያ አንሶላ፣ ከዚያ የደም ግፊት፣ ከዚያ ሌላ ደወል፣ ከዚያ ሌላ ደወል። እማማ ጋ የተመለስኩት ወደ 10 ሰዓት ግድም ነው። ማንኳኳቱን ትተው ነበር።

ጠዋት ቻርቱን ስሞላ፣ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጣቸው የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ ላይ 4፣ 6፣ 8፣ 10 የሚሉ ሳጥኖች አሉ። 8 ሰዓት ላይ ራይት አደረግኩ። እጄ ለአፍታ እንኳ አላመነታም። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነበር፤ ባዶ ሳጥን ይዛ ለርክክብ የምትቀርብ ረዳት ምን እንደሚደርስባት ሰባት ወር ሙሉ አይቻለሁ።

በሁለተኛው ቀን የቀን ፈረቃ ረዳቷ ገላቸውን ስታጥብ ጅራት አጥንታቸው ላይ ጠቆር ያለ ቦታ አየች። ነክታ ስታየው ይሞቃል፣ ጠጠር ብሏል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መማሪያው «በጣት ተጭነው ሲለቁት የማይነጣ ቅላት» ይላል፤ የመጀመሪያው ደረጃ የአልጋ ቁስል ምልክት ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በዓይናችሁ ብቻ አትመኑ፤ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ከአካባቢው ጋር አወዳድሩ፣ ጠንክሯል ወይስ ላልቷል ብላችሁ ዳስሱ፣ ስትነኩት ፊታቸውን ይቋጥሩ እንደሆነ እዩ። ያቺ ረዳት ባትዳስስ ኖሮ ቆዳው እስኪከፈት ድረስ ማንም አያውቅም ነበር። በሳምንቱ ግን ተከፈተ።

ቁስሉ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። አጥንት ከላይ፣ ፍራሽ ከታች፣ መሃል ላይ የተጨፈለቀ ሥጋ። ደም አይደርሰውም፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል። የሚወጣባቸው ቦታዎች፦ ጅራት አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የጭንቅላት ጀርባ። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የሚባለው በተለምዶ የተያዘ ጣሪያ ነው፤ ሰውነቱ የከሳ፣ ቆዳው በሽንት የሚርስ፣ ምግብ የማይወስድ ሰው ከዚያ በፊትም ሊገላበጥ ይገባዋል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠማ ይበልጥ ቶሎ ቶሎ። ደግሞ ማገላበጥ መጎተት አይደለም። ብቻዋን የምትሠራ ረዳት ትጎትታለች፤ መጎተት ቆዳውን ከሥሩ ካለው ሥጋ ይለያየዋል። ከሥር ያለውን አንሶላ ይዘው ለሁለት ማንሳት ነው ደንቡ። ለሁለት! ይህን ቃል ኃላፊዎቻችን እንዲሰሙልኝ ደግሜ እላለሁ፤ ለሁለት።

አሁን ወደ ራይቷ ልመለስ። ቁስሉ ሲገኝ ስብሰባ ተጠራ። ነርሶቹ ቻርቱን ዘረጉ። በየሁለት ሰዓቱ ተገላብጠዋል፤ ራይት፣ ራይት፣ ራይት። ስለዚህ ችግሩ መገላበጥ ሊሆን አይችልም አሉ። ፍራሹ ተቀየረ። የምግብ ባለሙያ ተጠራች፣ ፕሮቲን ተጨመረ። ደም ተወስዶ ተመረመረ፤ የእማማ ክንድ በመርፌ በለዘ። ሁሉም ሰው የሌለ ምክንያት ሲፈልግ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ ዝም አልኩ። ቁስሉ ለመዳን አራት ወር ፈጀ። ሐሰተኛ ራይት ያደረግሁት ራሴን ለማዳን ነበር። ራይቷ የሠራችው ግን ሐኪሙን፣ ነርሱን፣ የምግብ ባለሙያዋን ሁሉ በተሳሳተ መንገድ መንዳት ነው።

ሌላም ሠርታለች። የረዳት ቁጥር ሲወሰን የሚታየው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ያን ሌሊት ለ22 ሰው አንዲት ረዳት በቃች ይላል! እስቲ አብረን እናስላ፤ እማማ ቢኖሩ ያስሉልን ነበር። ከ22ቱ ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ 9 ነበሩ። አንድን ሰው በአግባቡ ማገላበጥ፣ ዳይፐር መቀየርና ትራሱን ማስተካከል 10 ደቂቃ ቢወስድ 90 ደቂቃ ነው። በየሁለት ሰዓቱ። የቀረው 30 ደቂቃ ለ13 ሰው ደወል፣ ለወደቀው፣ ለጠማው፣ ለፈራው ነው። የማይቻለውን ተችሏል ብለን የፈረምን እኛው ነን። የጎደለውን ሰው በራይት ሸፈንነው።

ኃላፊዎች፣ ከልቤ አከብራችኋለሁ፤ ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ ባዶ ሳጥን ስታዩ «ለምን አልሞላሽም?» ከማለት ይልቅ «ለምን አልደረስሽም? ማን ቀርቶብሽ ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁ? አንድም ቀን አልተጠየቅኩም! ለባዶ ሳጥን ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ ኃላፊ ረዳቶቹን ውሸት እያስተማረ ነው። ሲገኝባትም የምትባረረው ረዳቷ ናት።

አዎ፣ አጨብጭቡ፤ ግን እናንተንም አልለቃችሁም። «እኛ ምን አቅም አለን፣ የ75 ሰዓት ሥልጠና ነው ያለን» የምትሉትን ሰምቻለሁ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ሕግ 75 ሰዓትን ዝቅተኛ መነሻ አድርገው ነው ያስቀመጡት፤ የብቃት ፈተናም አብሮት አለ። ሰዓቱ ይነስ ይብዛ፣ የነዋሪውን ገላ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር በየቀኑ የሚያይ ሌላ ሰው የለም። ሐኪሙ አልፎ አልፎ ይመጣል። ነርሷ መድኃኒት ታድላለች። አንሶላውን የምትገልጡት እናንተ ናችሁ።

በሌላ ጊዜ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ «8 ሰዓት ላይ አልተገላበጡም፤ ብቻዬን ነበርኩ፤ 9 ከሩብ ላይ ተገላብጠዋል፤ ለተረኛ ነርስ ተነግሯል» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ተጠራሁ፣ ተቆጡኝ። በሚቀጥሉት ሦስት ሌሊቶች ሁለተኛ ረዳት ተመደበ። በአራተኛው ቀረ። እንደገና ጻፍኩ። እንዲህ እያልን ነው፤ ተአምር አልሆነም። የጻፍኩትን ግን ማንም ፍራሽ በመቀየር ሊያልፈው አልቻለም።

ጊዜዬ እያለቀ ነው፣ ርዕሴን ገና አልነካሁትም። በችኮላ ልበላችሁ። ስታጎርሱ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ እናንተም ተቀመጡ፤ ቆሞ ማጉረስ ያስቸኩላል፣ የቸኮለ ትን ይለዋል። ከበሉ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ አታስተኟቸው። ትናንት ልጃቸውን በስም የጠሩ ዛሬ ድንገት ግራ ከተጋቡ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ ኢንፌክሽን ወይም የፈሳሽ እጥረት ሊሆን ይችላል፣ ለነርሷ ወዲያው ንገሩ። ሰውን በክፍል ቁጥር አትጥሩ፤ «12 ቁጥር ራሱን አርጥቧል» ስትባባሉ ከሰማሁ እኔ ነኝ የምቆጣው። እጅ መታጠቡን ታውቁታላችሁ፤ ጓንት ስላደረጋችሁ አይቀርም።

የምስክር ወረቀቱ አሁን ይታደላል። የዛሬ ሌሊት ተረኛ የሆናችሁ ቅድሚያ ይሰጣችሁ ብያለሁ፤ ርክክቡ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ አውቶቡሱም አይጠብቅም።