ኪሳራው ከማን ይጀምር? — በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከቢቸና፣ ከደጀንና ከአማኑኤል በሌሊት ተነሥታችሁ ደብረ ማርቆስ የደረሳችሁ፣ መንገዱን ስለማውቀው ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ስንት ዓመት አስተምራችሁም ፊት መቀመጥ ትፈራላችሁ!

አጀንዳው በእጃችሁ ነው። ተራ ቁጥር 4 «ስለ ተበላሹ ብድሮች» ይላል። አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት ለዚች መስመር መሆኑን አውቃለሁ። በየሻይ ቤቱ ሲወራ ከርሟል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ሦስት ትልልቅ ብድሮች አልተመለሱም። ያጸደቀው የብድር ኮሚቴው ነው። ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ። የዋሶቹን ደመወዝ በደንብ አላየንም። አንደኛው ዋስ ለሌሎች ሁለት ሰዎችም ዋስ ሆኖ ተገኘ። ሣሩን አይተን ገደሉን ሳናይ ገባን። ከተበዳሪዎቹ አንዱ ግን አልሸሸም፣ ታሟል። የእሱን ጉዳይ ለብቻው እናያለን፤ እባካችሁ ከሌሎቹ ጋር አትደባልቁት።

ባለፈው ወር ኮሚቴው ተሰብስቦ «ወጪ እንቀንስ» ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ከየት ይቀነስ ሲባል፣ ከሒሳብ ሠራተኛዋና ከሁለቱ ጥበቃዎች ደመወዝ ተባለ። የእኛ የስብሰባ አበልስ? እሱን ያነሣ ሰው የለም። እኔም ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ነው ያፈርኩት። ሦስቱ ሠራተኞች አንድም ብድር አላጸደቁም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ኢኮኖሚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ትዝ አለኝ። ትንሽ ታገሡኝ።

በፈረንጆች 2008 መስከረም ላይ ሊማን ብራዘርስ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ ወደቀ። ድንጋጤው በሁለት ሳምንት ውስጥ አየርላንድ ደረሰ። የአየርላንድ ባንኮች ለቤትና ለሕንፃ ነጋዴዎች ያለ ልክ አበድረው ነበር። የመሬት ዋጋ ሁልጊዜ ይወጣል ብለው አምነው ነው። አንድ ሌሊት ሚኒስትሮቹና ባለሥልጣኖቹ ሲመክሩ አደሩ። ጠዋት ላይ መንግሥት የስድስት ባንኮች ዋስ መሆኑ ተነገረ። የዋስትናው መጠን ወደ 440 ቢሊዮን ዩሮ ነበር።

እኛ ዋስ ስንሆን ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። ተበዳሪውን እናውቀዋለን። ሚስታችንን እናማክራለን። ከዚያ መታወቂያና የደመወዝ ማስረጃ ይዘን ሄደን እንፈርማለን። አየርላንድ ግን አራት ሚሊዮን ተኩል የሚሆን ሕዝብ ተኝቶ ሲነሣ ዋስ ሆኖ አገኘው። ጡረተኛውም ነርሷም አስተማሪውም ማለት ነው።

ዋስትናው ወረቀት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ባንኮቹን ለማቆም መንግሥት 64 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ አፈሰሰ። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ አንግሎ አይሪሽ ለሚባል አንድ ባንክ ነው የሄደው። የባንኩ ሥራ በዋናነት ለሕንፃ ነጋዴዎች ማበደር ነበር። እሱን በ2009 መጀመሪያ ላይ መንግሥት ወረሰው። በ2010 መጨረሻ አገሪቱ ራሷ ከአውሮፓና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ብድር ጠየቀች።

አሁን ወደ ደመወዙ እንምጣ። በ2009 በመንግሥት ሠራተኛው ላይ «የጡረታ መዋጮ» በሚል ስም አዲስ ቅናሽ ተጣለ። ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ደመወዙ ራሱ ተቆረጠ። በዓመት ከሚገኘው የመጀመሪያው 30 ሺህ ዩሮ ላይ 5 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው 40 ሺህ ላይ 7.5 ከመቶ፣ ከዚያም በላይ ባለው 55 ሺህ ላይ 10 ከመቶ። ሐቁን ለመናገር የጠቅላይ ሚኒስትሩ ደመወዝ በ20 ከመቶ፣ የሚኒስትሮቹ በ15 ከመቶ ተቀንሷል። እነሱ ቢያንስ ከራሳቸው ቆርጠዋል። እኛ ከኮሚቴው አበል አልነካንም።

አንዳንዱ «የመንግሥት ሠራተኛ ሥራው አስተማማኝ ነው፣ ቢቀነስበት ምን አለ?» ይላል። ይህን ክርክር አልንቀውም። በ2012 አየርላንድ ውስጥ ለሥራ ከተሰለፈው ሕዝብ 15 ከመቶ ገደማ ሥራ አጥ ነበር። ግንበኛው ሥራ ፈትቶ ቤቱ ተቀምጦ አስተማሪ «የእኔን አትንኩ» ቢል ያስተዛዝባል። ግን ግንበኛውንም አስተማሪውንም አብሮ የጎዳቸው ብድር አለ። ያንን ብድር የፈረመው ሰው ከሁለቱ በፊት መጠየቅ ነበረበት። የአንግሎ አይሪሽ ዋና ኃላፊ ስድስት ዓመት የተፈረደበት በፈረንጆች 2018 ነው። ባንኩ ከተወረሰ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። የአስተማሪው ደመወዝ ለመቆረጥ ግን አንድ ዓመት አልፈጀም።

«ታዲያ ባንክ ይውደቅ ነው የምትለው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አይደለም። ባንክ ሲዘጋ ሀብታሙ ሌላ ቦታ ያስቀመጠው አለው። የሚጨነቀው ደመወዙ በዚያ ባንክ የሚገባለት ሰው ነው። አስቀማጩ መዳን አለበት። ባለ አክሲዮኑንና ሥራ አስኪያጁን ከእሱ ጋር አብሮ ማዳን ግን ሌላ ነገር ነው።

አይስላንድ ሌላ መንገድ ሄደች። በ2008 ጥቅምት ሦስቱም ትልልቅ ባንኮቿ ወደቁ። የአገር ውስጥ አስቀማጩን አዳነችና ለውጭ አበዳሪዎች «አልችልም» አለች። ስለ ውጭ አስቀማጮች ዕዳ ሕዝቡ በ2010 እና በ2011 ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጠ። ሁለቱንም ጊዜ እንቢ አለ። ባንከኞችም ታሰሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያጨበጭባል። እኔ ግን ቀሪውንም እነግራችኋለሁ። የገንዘባቸው ዋጋ በግማሽ ገደማ ወደቀ። የአስተማሪው ደመወዝ በወረቀት ላይ አልተነካም፣ ገበያ ላይ ግን ተበላ።

ይህን ዓይነቱን ቅነሳ ደግሞ እኛ ሳንማር እናውቀዋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ከደመወዛችሁ አንድ ብር የቀነሰ ሰው የለም። ዘይት ቤት ስትገቡ ግን ተቀንሷል። በ2017 ጭማሪ መጣ፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። እሰየው ነው። ግን ጭማሪው ከገበያው ኋላ ሲሮጥ ነው የደረሰው።

በዚያው በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ፣ ማለትም መንግሥት እከፍላለሁ ብሎ የሚሰጠው የዕዳ ሰነድ፣ አጸደቀ። ከዚህ ዕዳ አብዛኛው የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ከባንኩ ለዓመታት የተበደሩት ነው። የእኛ ከአየርላንድ ይለያል። ባንኩም የመንግሥት፣ ተበዳሪውም የመንግሥት። አገሪቱ ለራሷ አበድራ ለራሷ ዋስ ሆነች ልትሉ ትችላላችሁ። ባንኩ መዳን እንዳለበት አልጠራጠርም፤ የእናንተም ደመወዝ የሚገባው እዚያው ነው። ግን በመጨረሻ የሚከፍለው ያው ግብር ከፋዩ ነው።

ጎጃም ደግሞ ሳያማክሩት የመጣ ሸክም አይወድም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ አባቶቻችን አመፁ። ያናደዳቸው የብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም። ገማቹ ማን ነው፣ መሬቴ ተለክቶ ነገ ምን ይመጣል የሚለው ነበር። ጦር ተላከባቸው፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በኋላ አገረ ገዥው ተነሡ። ንጉሡም ለዓመታት የተጠራቀመውን የግብር ውዝፍ ማሩ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ባንክና ማይክሮፋይናንስ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለው፣ እስከ 100 ሺህ ብር። እንደ እኛ ያለ የቁጠባና ብድር ማኅበር በዚያ ውስጥ የለም። ብንወድቅ ማንም አያነሣንም። ስለዚህ ሥርዓቱን ራሳችን ማበጀት አለብን።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መጀመሪያ የብድርና የሥራ አመራር ኮሚቴው አበል ለአንድ ዓመት ይቁም። የእኔም ጭምር። ለሦስቱ ብድሮች የፈረምን ሰዎች በሚቀጥለው ምርጫ አንወዳደርም። ካልበቃ ከመጠባበቂያው ይነሣ፣ መጠባበቂያ የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚያም ካልበቃ የዘንድሮ የዕጣ (የአክሲዮን ድርሻ) ትርፍ አይከፋፈል። እዚህ ላይ እንደምታጉረመርሙ አውቃለሁ። ግን ብድሩ ወለድ ሲያስገባ ትርፉን ተካፍለን በልተናል። ቁጠባችሁ አይነካም። የሦስቱ ሠራተኞች ደመወዝም አይነካም።

ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች በዚህ አልተስማሙም። የራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ ቀጥለው ይናገራሉ። እባካችሁ ሳታቋርጡ ስሟቸው። ከዚያ በፊት ግን ቁጥሩ በሁላችንም ፊት ይቀመጥ። ሒሳብ ሠራተኛችን እዚህ አለች፣ ሪፖርቱን እሷ ታነባለች። እባክሽ ወደ መድረኩ ነይ። ማይኩን ትንሽ ዝቅ አድርጉላት።