ከመጋረጃው ማዶ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩትን ነው የምናገረው፦ ልጄን በኦፕራሲዮን በወለድኩበት ቀን አልወደድኳትም።

ከወገቤ በታች ደንዝዣለሁ፤ ከደረቴ ማዶ መጋረጃ ተወጥሯል። ልቅሶዋ ከዚያ ወዲያ ተሰማኝ። ፊቷን ጉንጬ ላይ ለአፍታ አስነክተው ይዘዋት ሄዱ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር፤ ከልጄ ይልቅ ብርድ ልብስ ናፈቀኝ። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መድኃኒት እንዲህ ማንቀጥቀጡ የተለመደ እንደሆነ የነገረኝ ስላልነበረ፣ ጉድለቱን ከራሴ አደረግሁት።

በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ክላውስ እና ኬኔል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሕፃናት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልጃቸው ጋር 16 ተጨማሪ ሰዓት የቆዩ እናቶች ይበልጥ ይቀርቧቸው እንደነበር ጻፉ። ሕፃናት ከእናቶቻቸው ተነጥለው የሚቀመጡበትን ልማድ በማናጋታቸው አመሰግናቸዋለሁ። የተጠኑት እናቶች ግን 28 ብቻ ነበሩ! ከዚያ ወዲህ «የመጀመሪያው ሰዓት ካለፈ አለፈ» የሚል ፍርድ በወላዶች ላይ ተጫነ። የዳክዬ ጫጩት በተፈለፈለ ጥቂት ሰዓት ውስጥ ያየውን ይከተላል፤ የሰው ልጅ እንዲህ አይቸኩልም።

ኦፕራሲዮን ምንም አይለውጥም ማለቴ አይደለም። ምጥ ሳይጀምር ሲሠራ በምጥ ጊዜ የሚፈሰው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ይቀራል፤ ወተትም ሊዘገይ ይችላል። የእኔ በአራተኛው ቀን ነው የወረደው፤ እስከዚያ በጠብታ የሚቆጠር እንገር ብቻ ነበር። ሆዴ ላይ ላስተኛት ስሞክር ቁስሌ ያስጮኸኛል። አንዲት አዋላጅ ልጅቷን በብብቴ ሥር አስገብታ እግሮቿን ወደ ጀርባዬ ባታዞርልኝ ኖሮ ማጥባቱን ትቼው ነበር። እናትየዋ ነቅታ ከሆነ ልጁን ገና እየተሰፋች ሳለ ደረቷ ላይ ማስተኛት እንደሚቻል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በአምስተኛው ሌሊት አለቀሰች። ከአልጋዬ ሆኜ «እሺ፣ እሺ» አልኳት፤ ዝም አለች። ጆሮ ከመወለድ በፊት ይሠራል፤ ለካ ድምፄን ለወራት ስትሰማው ኖራለች። እኔ እንግዳ ስትሆንብኝ እርሷ ታውቀኝ ነበር። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ አፏ ተከፍቷል። ርቧታል። «መጣሁ የኔ እናት» አልኳት። ለመነሳት ግን ቁስሌን በትራስ ደግፌ፣ በጎኔ ተንከባልዬ፣ እግሬን አንድ በአንድ ማውረድ ነበረብኝ። እርሷም ጠበቀችኝ።