ያልረጋው ደም

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። የጎረቤት አውራ ዶሮ ዛሬ ዝም ብሏል፤ ሳይጀምር ልፍጠን።

በሰው ላይ የጉበት ንቅለ ተከላ መጀመሪያ ስለሞከረው አሜሪካዊ ሐኪም፣ ስለ ቶማስ ስታርዝል አውርቼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። አልወጣልኝም። ወንድሜ ታክሮሊመሱን፣ ሰውነት የተተከለለትን አካል እንዳይገፋ የሚወሰደውን መድኃኒት፣ ሲውጥ ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል። መድኃኒቱ ጃፓን ተገኘ፤ በ1989 መጀመሪያ ሰው ላይ የሞከረው ግን አሜሪካ፣ ፒትስበርግ የነበረው የስታርዝል ቡድን ነው። በነገራችን ላይ ወንድሜ ግሬፕፍሩት የሚሉት ፍሬ ከመድኃኒቱ ጋር ስለማይሄድ ተከልክሏል። ዕድሜውን ሙሉ ቀምሶት የማያውቅ ሰው፣ ከተከለከለ ወዲህ አማረው!

የማይለቀኝ ግን ስታርዝል ቀድሞ የሠራበት የአሜሪካ ከተማ፣ ዴንቨር ነው። በፈረንጆቹ ማርች 1፣ 1963። ልጁ 3 ዓመቱ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ የሐሞት መውረጃው የተበላሸ፣ ጉበቱ የጠጠረ። እነ ስታርዝል ሆዱን ከፈቱት... ደም። ጉበት ሲጠጥር ደም ማለፊያ ያጣና በየጎኑ ሌላ ሥር ያበጃል፣ ያብጣል። ደም የሚያረጋውን ነገር የሚሠራውም ራሱ ጉበት ነው። እንግዲህ የነኩት ሁሉ ይደማል፣ የደማው አይቆምም። በሰው ላይ የተሞከረው የመጀመሪያው የጉበት ንቅለ ተከላ ይሄ ነው። ልጁ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

ቀጥሎ ለመጡት በሽተኞች ደም ማርጊያ ሰጡ። ደሙም ረጋ። የት? ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ደሙን በሚያዞረው ቱቦ ውስጥ! የረጋው ተጉዞ ሳንባ ገባ። አያችሁ? ከመጀመሪያው ልጅ የተማሩት ነገር ነው ቀጣዮቹን የጎዳው። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ... ማለቴ፣ ጥፋት እንኳ አይደለም። ጥፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ አቆሙ። ከሦስት ዓመት በላይ ጉበት በሰው ላይ አልነኩም፤ ወደ ውሾቹ፣ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሱ። በ1967 እንደገና ሲጀምሩ አንዲት ሕፃን ከዓመት በላይ ኖረች። በሽተኛዬን ባላድንስ የሚል ብርቱ ፍርሃት እንደነበረበት ስታርዝል በኋላ ራሱ ጽፏል። በፍርሃት እየራደ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ...

አንዳንድ ቀን ማቆሙን አደንቃለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ መመለሱን። የዚያን ልጅ ወላጆች ሳስብ ሁለቱም ይጠፋብኛል። ምን ብለው ነገሯቸው? «እንሞክር» ነው? ወንድሜ ቁጭ ብሎ እግር ኳስ እያየ «ባይሞክሩስ?» ይለኛል። እሱማ ምን አለበት። ልክ ነው ደግሞ። ግን ልክ መሆኑ ለእነሱ...

ተዉት። በ1992 የዝንጀሮ ጉበት ለሰው የተከለውም የዚሁ ሰውዬ ቡድን ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሦስቴ አማተበች፤ ከዚያ ወዲህ እቤታችን ስለ ስታርዝል ማውራት...